ተቀጥታ የተማረችው ቋንቋ፦ የህንዷ ገጣሚ ሳሮጂኒ ናይዱ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ እንግሊዝኛ እንድትናገር ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ አሻፈረኝ ብላለች። እልኸኛ ናትና ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የአባት ትዕግሥት አለቀ። አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አስገብተው ቀኑን ሙሉ ዘጉባት። በሕይወቷ የተቀጣችው ያን ቀን ብቻ እንደነበር ካደገች በኋላ ተናግራለች።

ከክፍሉ ስትወጣ ግን ሌላ ልጅ ሆና ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷንም ሆነ እናቷን በእንግሊዝኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ አናግራቸው አታውቅም። እናቷ በሂንዱስታኒ ያናግሯታል፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ልጅ እልኸኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

ይህቺ ልጅ አድጋ በዚያው በተቀጣችበት ቋንቋ ግጥም ጻፈች፤ እንግሊዛውያኑ ራሳቸው አጨበጨቡላት። ቆየት ብላ ደግሞ በዚያው ቋንቋ ከአገራችን ውጡልን አለቻቸው። ለዚህም እስር ቤት ገባች።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የገጣሚዋን የሳሮጂኒ ናይዱን ታሪክ ነው። ህንዶች የህንድ ኮኪላ ይሏታል፤ ኮኪላ በአገራቸው በዜማዋ የታወቀች ወፍ ናት። በጽሑፋችን የምታገኟቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መልካም ንባብ!

ወርቅ ፈላጊው አባት

ሳሮጂኒ የተወለደችው የካቲት ወር ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1879 በሃይደራባድ ከተማ ነው። ሃይደራባድ ያኔ ኒዛም የሚባል ሙስሊም ገዥ የሚያስተዳድራት ግዛት መናገሻ ነበረች። የሳሮጂኒ ቤተሰብ ደግሞ ከሩቅ ከቤንጋል የመጣ የብራህሚን ሂንዱ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በቤት ቤንጋሊና ሂንዱስታኒ፣ በጎዳናው ኡርዱና ቴሉጉ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ። ልጅቷ ያደገችው እዚህ የቋንቋ ገበያ መሃል ነው።

አባቷ አጎረናት ቻቶፓድያይ ከስኮትላንዱ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ምሁር ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በሃይደራባድ ኮሌጅ አቋቋሙ። እኚህ የሳይንስ ሰው ታዲያ አንድ የማይተዉት አመል ነበራቸው፤ ተራ ብረትን ወደ ወርቅ የመለወጥ ምኞት። ግቢያቸው በየቀኑ በሰው ይሞላል። ምሁሩ፣ መሳፍንቱ፣ ለማኙ፣ ባሕታዊው፣ አጭበርባሪውም ሳይቀር፣ ሂንዱ ሙስሊም ሳይባል፣ አብሮ ተቀምጦ ይከራከራል። ወርቅ የመሥሪያውን ምሥጢር አግኝቻለሁ የሚል ሁሉ በሩ ክፍት ነው። ወርቁ አልተገኘም። ልጃቸው ግን አባቷ ወርቅ የሚፈልጉበትና ገጣሚ ውበት የሚፈልግበት ነገር አንድ ነው ብላ ታምን ነበር።

እናቷ ባራዳ ሱንዳሪ ዴቪ በቤንጋሊ ግጥም ይጽፉ ነበር። ሳሮጂኒ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያዋ ናት።

አባት ልጃቸው የሒሳብ ወይም የሳይንስ ሊቅ እንድትሆን ቆርጠው ነበር። ነገር ግን በ11 ዓመቷ አንድ የአልጀብራ ጥያቄ አልፈታ ብሏት እያቃሰተች ሳለ፣ በመልሱ ፈንታ ግጥም መጣላት። ጻፈችው። በቃ፣ የአባት ዕቅድ እዚያ ላይ አበቃ።

ትምህርቱንም ቢሆን አልበደለችውም። በ12 ዓመቷ የማድራስ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና አልፋ በመላው ህንድ ስሟ ተጠራ። በ13 ዓመቷ በስድስት ቀን ውስጥ 1300 ስንኝ ያለው ረጅም ግጥም ጻፈች። በዚያው ዕድሜ ታማ ስትተኛ ሐኪሙ መጽሐፍ የሚባል ነገር እንዳትነካ አዘዘ። እሷስ? ሐኪሙን ለማናደድ ብላ 2000 ስንኝ ያለው ድራማ ጻፈች! ጤናዋ ግን ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ አልተመለሰላትም።

የፍቅር ነገር እና የለንደን መንገድ

ገና በወጣትነቷ ጎቪንዳራጁሉ ናይዱ ከሚባል ሐኪም ጋር ፍቅር ያዛት። ችግሩ ልጁ ብራህሚን አይደለም። በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ የብራህሚን ልጅ ከሌላ ካስት ሰው ማግባት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በ1895 የሃይደራባዱ ኒዛም የትምህርት ወጪዋን ችሏት ወደ እንግሊዝ እንድትሄድ ተደረገ። የሄደችው በፈቃዷ አልነበረም።

መጀመሪያ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ካምብሪጅ የሚገኘው የሴቶች ኮሌጅ ገርተን ገባች። ያኔ ካምብሪጅ ሴቶችን ያስተምር እንጂ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። የሳሮጂኒም ልብ ቢሆን ከዲግሪው ላይ አልነበረም። የእሷን የእንግሊዝ ቆይታ ትልቅ ያደረገው ከክፍል ውጭ ያገኘችው ትምህርት ነው።

ኤድመንድ ጎስ በወቅቱ በለንደን የተከበረ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ነው። ወጣቷ ህንዳዊት አንድ ቀን የግጥሞቿን ጥራዝ ሰጠችው። አነበበው። ስንኙ ይዋደዳል፣ ቤቱ ይመታል፣ ቋንቋው እንከን የለውም። ነገር ግን በግጥሞቿ ውስጥ የሚዘምሩት ወፎች የእንግሊዝ ወፎች ናቸው። የሚደወለው ደወል የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ሃይደራባድ የት አለች? የለችም።

ጎስ ሳያባብል እውነቱን ነገራት፦ ይህን ሁሉ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣይው አላት። እንግሊዝን የሚገልጽ ገጣሚ እኛ ሞልቶናል፤ አንቺ ስለምታውቂው አገር፣ ስለ ህዝብሽ፣ ስለ ተራሮቹና ስለ አትክልት ቦታዎቹ ጻፊልን የሚል ነበር የምክሩ መንፈስ።

ሌላ ልጅ ብትሆን እዚያው ላይ ተስፋ ትቆርጥ ነበር። ሳሮጂኒ ምክሩን ተቀበለች። ይህ ምክር ግን በጎም ክፉም ይዞ እንደመጣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1898 ጤናዋ ስለተቃወሰ ትምህርቷን ሳትጨርስ ተመለሰች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ ያንኑ ሐኪም ማድራስ ላይ በሕጋዊ ጋብቻ አገባችው። ባሕር ማዶ ሦስት ዓመት መቆየቷ ፍቅሯን አላስረሳትም ማለት ነው። ቤታቸውን ሃይደራባድ ላይ መሠረቱ፤ ልጆችም ወለዱ።

ሸማኔው፣ አምባር ሻጩ፣ ሙሽራዋ

የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፏ በ1905 ለንደን ላይ ታተመ። ርዕሱ «ወርቃማው ደጃፍ» ሊባል ይችላል፤ በኋላም የሃይደራባድ ቤቷ በዚሁ ስም ተጠርቷል። ሁለተኛው መጽሐፏ በ1912፣ ሦስተኛው በ1917 ተከተለ። ለሁለተኛው መቅድሙን የጻፈው ያ ግጥሟን ቅርጫት ጣይው ያላት ኤድመንድ ጎስ ነው!

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሃይደራባድ በመጨረሻ መጣች። ሙሽራን በትከሻቸው ተሸክመው እየዘመሩ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በየቤተ መቅደሱ ደጅ የብርጭቆ አምባር የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። እባብ አጫዋቹ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ እህል ፈጪዋ፣ ከሙስሊሙ ሰፈር የሚሰማው የጸሎት ጥሪ፣ የሂንዱው በዓል፣ ሁሉም አለ። ስለ ሸማኔዎች የጻፈችው አጭር ግጥም በህንድ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ትውልድ ሲነበብ ኖሯል። ሸማኔዎቹ ጠዋት ለተወለደ ሕፃን፣ ማታ ለሙሽራ፣ ሌሊት ደግሞ ለሟች ከፈን ሲሠሩ ያሳያል። የሰውን ልጅ ዕድሜ በአንድ የሽመና ዕቃ ላይ መዘርጋት ማለት ይህ ነው።

ዜማዋ ለጆሮ የሚጥም ነበር። የህንድ ሥራ ዘፈኖችን ምት ወደ እንግሊዝኛ ስንኝ አስገብታዋለች። ለዚህ ነው ግጥሞቿ በዓይን ከማንበብ ይልቅ ጮክ ብለው ሲያነቧቸው የሚያምሩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጎስ ምክር ሁለተኛ ፊቱን የሚያሳየው። እንግሊዛዊው አንባቢ ከህንድ የሚፈልገው ቀለም፣ ሽቶ፣ ሐርና የጨረቃ ብርሃን ነው። ሳሮጂኒም ይህንኑ በብዛት ሰጠችው። ረሃቡ፣ ግብሩ፣ ቅኝ ገዥው ግን በግጥሞቿ ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ከህንድ ነፃነት በኋላ የመጡት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ወጣት ገጣሚዎች ይህን ይዘው ክፉኛ ተችተዋታል። ግጥሟ ለቱሪስት የሚሸጥ ፖስትካርድ ነው እስከማለት የደረሱም አሉ።

ትችቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አንችልም። ነገር ግን የሴትዮዋን ሕይወት ግማሽ ብቻ አይቶ የተሰጠ ፍርድ ነው። ረሃቡንና ቅኝ ገዥውን በግጥም ያልጻፈችው ሴት፣ ቀጥላ የት እንደሄደች እንይ።

ከወረቀት ወደ አደባባይ

በ1908 ሃይደራባድን የሚያቋርጠው የሙሲ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። እጅግ ብዙ ሰው ሞተ። ሳሮጂኒ ወረቀቷን አስቀምጣ ተጎጂዎችን መርዳት ጀመረች። ለዚህ ሥራዋ የእንግሊዝ መንግሥት ካይሳር ኢ ሂንድ የተባለውን ሜዳሊያ ሸለማት።

ጎፓል ክሪሽና ጎክሃሌ የሚባሉት አንጋፋ ፖለቲከኛ ደግሞ ይህቺ ድምፅ ለመጽሐፍ ብቻ መቅረት የለባትም ብለው ጎተጎቷት። በ1914 ለሕክምና ለንደን ሳለች ሕይወቷን የለወጠውን ሰው አገኘች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከደቡብ አፍሪካ አንድ ዝነኛ ህንዳዊ መጥተዋል ተብላ ልትጠይቃቸው ሄደች። የቤቱን ደረጃ ወጥታ በሩ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ጭንቅላታቸውን የተላጩ ትንሽ ሰው ወለል ላይ በእስረኛ ብርድ ልብስ ተቀምጠው፣ ከእንጨት ሳህን የተጨፈለቀ ቲማቲም በወይራ ዘይት ይበላሉ። ሳሮጂኒ ሳቋ አመለጣት። ሰውዬውም ቀና ብለው ሳቁና፣ አንቺ ናይዱ መሆን አለብሽ፣ እንዲህ የሚደፍር ሌላ ማን አለ አሏት። ነይ እንብላ ብለው ጋበዟት። እሷ ምግቡን አሽትታ እምቢ አለች። ሰውዬው ማህተመ ጋንዲ ነበሩ።

ይህ ወዳጅነት ጋንዲ እስከተገደሉበት ቀን ድረስ ለ33 ዓመታት ዘለቀ። መላው ህንድ እንደ ቅዱስ ሲያያቸው እሷ በጆሯቸው ትልቅነት ትቀልድባቸው ነበር፤ ሚኪ ማውስ ትላቸዋለች። ጋንዲን በድህነት ለማኖር የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው እያለችም ታስቃቸው ነበር። እሳቸውም ይወዱላት ነበር።

ሦስተኛው መጽሐፏ በወጣበት በ1917 ሳሮጂኒ የ38 ዓመት ሴት ናት። ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመኗ አዲስ የግጥም መጽሐፍ አላሳተመችም፤ በኋላ የወጣው ቀድሞ የታተሙት ተሰብስበው ነው። በዚያው ዓመት የህንድ ሴቶች የምርጫ መብት ይሰጣቸው ብሎ የጠየቀውን የልዑካን ቡድን መርታ የእንግሊዙን የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉን አነጋገረች።

በኤፕሪል 13 ቀን 1919 አምሪትሳር ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለ ዙሪያው በግንብ የታጠረ ሜዳ ላይ የተሰበሰበ ያልታጠቀ ሕዝብ በጥይት ተቆላ። የእንግሊዝ መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 379 ነው፤ ህንዶቹ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል ይላሉ። ሳሮጂኒ የጎርፉን ሜዳሊያ መለሰች።

በ1924 ወደ እኛው አህጉር መጥታ ነበር። ሞምባሳ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ህንዶችን ጉባኤ በሊቀመንበርነት መራች፤ ወደ ደቡብ አፍሪካም ወርዳ በህንዳውያን ላይ ይወጣ የነበረውን የዘር መለያ ሕግ ተቃወመች። በቀጣዩ ዓመት ካንፑር ላይ የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ከእሷ በፊት ቦታውን የያዘች ሴት አኒ ቤሳንት ብቻ ነበረች፤ እሷም ብሪታንያዊት ናት። ከህንዳውያን ሴቶች ሳሮጂኒ የመጀመሪያዋ ሆነች።

የጨው ቀን

ጊዜው 1930 ነው። እንግሊዝ ጨው ላይ ግብር ጥላለች፤ ህንዳዊ ከገዛ ባሕሩ ጨው ማንሳት ወንጀል ነው። ጋንዲ 78 ተከታዮቻቸውን ይዘው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዘው ወደ ባሕር ወረዱ። ከተጓዦቹ መካከል ሴት አልነበረችም፤ ጋንዲ ሴቶችን በጉዞው አላካተቱም። ሳሮጂኒ ግን ዳንዲ በተባለው የባሕር ዳርቻ ጋንዲ ጨው ሲያነሱ አጠገባቸው ተገኘች።

በሜይ መጀመሪያ ጋንዲ ታሰሩ። ቀጥሎ ትግሉን እንዲመሩ የተወከሉት አዛውንቱ ዳኛ አባስ ታይብጂም ታሰሩ። ተራው የገጣሚዋ ሆነ። በሽተኛዋ፣ ቀልደኛዋ፣ የጥሩ ምግብና የሐር ሳሪ ወዳጇ ሴት ሜይ 21 ቀን ወደ 2500 የሚጠጉ ሰላማዊ ሰልፈኞችን ይዛ ዳራሳና ወደሚባለው የመንግሥት ጨው ማምረቻ ሄደች።

ትመቱ ይሆናል፤ ግን አትመልሱ፣ ዱላውን ለመከላከል እንኳ እጃችሁን አታንሱ አለቻቸው። ተሰልፈው ሄዱ። ፖሊሶቹ ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን መቷቸው። አንዱ ረድፍ ሲወድቅ ሌላው ይቀጥላል። አንድም ሰው እጁን አላነሳም። ዌብ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እዚያው ቆሞ ያየውን ጽፎ ላከ፤ ዘገባው በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ጊዜያዊ ሆስፒታሉ ሄዶ 320 ቁስለኞችን ቆጥሯል፤ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሳሮጂኒ በዚያው ቀን ታሰረች።

ያቺ በግጥሟ ረሃብ የለም የተባለችው ሴት፣ ለድሃ ቁንጥር ጨው ስትል ወህኒ ወረደች። እኛ ይህን ከግጥሞቿ ነጥለን ማየት አንችልም። በ1931 ከጋንዲ ጋር ለንደን ለድርድር ሄደች። በ1932 እንደገና ታሰረች። በ1942 እንግሊዝ ህንድን ትልቀቅ የሚለው ንቅናቄ ሲታወጅም ከጋንዲ ጋር ፑና ላይ በአጋ ካን ቤተ መንግሥት ታሰረች። ጋንዲ እዚያ 21 ቀን ሲጾሙ አጠገባቸው ነበረች። በ1943 ወባ አድክሟት ተለቀቀች።

ያልሞላላት ምኞት

ድል ብቻ ነገርናችሁ እንዳንባል አንድ ነገር እንጨምር። ሳሮጂኒ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችለት ትልቁ ጉዳይ የሂንዱና የሙስሊም አንድነት ነው። በሙስሊም ገዥ ከተማ ያደገች፣ በሙስሊሙ በዓል ላይ የገጠመች ሂንዱ ናትና ለእሷ ይህ ወሬ ሳይሆን የልጅነት ቤቷ ነው። ለዚህ አንድነት ትልቅ ተስፋ የጣለችበት ሰው ደግሞ ሙሐመድ አሊ ጂና ነበር። በ1918 ንግግሮቹን ሰብስባ በመጽሐፍ አወጣች፤ የአንድነት አምባሳደር ብላም ጠራችው።

በ1947 አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ያ የአንድነት አምባሳደር ያለችው ሰው የፓኪስታን መሥራች ሆነ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ፤ ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከቤተሰቧም ቢሆን መራራ ሐዘን ደርሶባታል፤ አብዮተኛው ወንድሟ ቪሬንድራናት በ1937 በስታሊን የጅምላ ግድያ ዘመን ሞስኮ ላይ ተረሽኗል።

በነፃነቱ ቀን፣ ኦገስት 15 ቀን 1947፣ ሳሮጂኒ የዛሬዋ ኡታር ፕራዴሽ ገዥ ሆነች፤ በነፃዋ ህንድ የመጀመሪያዋ ሴት የክፍለ ሀገር ገዥ መሆኗ ነው። አምስት ወር ተኩል ቆይቶ ጋንዲ ተገደሉ። ሳሮጂኒ በሬዲዮ ቀርባ ስትናገር ለነፍሳቸው ዕረፍት አልለመነችም። እንዳያርፉ ነው የለመነቻቸው፤ የገባንልዎትን ቃል እስክንፈጽም ድረስ አይረፉ አለች።

ራሷ በማርች 2 ቀን 1949 በሥራ ላይ እንዳለች ሉክናው ከተማ በልብ ሕመም አረፈች። የ70 ዓመት ሴት ነበረች።

ካረፈች ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ልጇ ፓድማጃ ናይዱ አንድ መጽሐፍ አሳተመች። በውስጡ እናቷ በ1927 የጻፈቻቸው፣ በመጽሐፍ ያላወጣቻቸው ግጥሞች ነበሩ። እንግዲህ ሳሮጂኒ ግጥም አቆመች የተባለው ልክ አልነበረም። በስብሰባና በባቡር ጉዞ መሃል ትጽፍ ነበር። ለማሳተም ግን ጊዜም ልብም አልነበራትም።

ህንድ ዛሬ የሳሮጂኒን ልደት፣ ፌብሩዋሪ 13ን፣ ብሔራዊ የሴቶች ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። በግጥሟ ላይ የሚደረገው ክርክር ግን አላለቀም። አንዱ ፖለቲካ ትልቅ ገጣሚ በላብን ይላል። ሌላው ግጥሟ ጊዜ ያለፈበት ነበር፣ ያተረፋት ትግሉ ነው ይላል። እኛ ግን ሁለቱን የሚለይ ግድግዳ አይታየንም። የቃልን ምት፣ የሳቅን ጊዜና የሕዝብን ጆሮ ማወቅን ያገኘችው ከግጥም ነው። በ1930 ያ ሁሉ ሰው ዱላ እየወረደበት እጁን ሳያነሳ የሄደው ቃሏን አምኖ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድ ጸሐፊ አገሩ ስትቸገር ብዕሩን አስቀምጦ አደባባይ መውጣት አለበት ወይስ ብዕሩ ራሱ በቂ ነው? ሐሳባችሁን አስፍሩልን። ታሪኩን ከወደዳችሁት ለወዳጅ ዘመድ አጋሩልን። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!